በተቃውሞው ግርጌ የቀረው ሰላምታ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ይድረስ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካሽ የሚነሳብሽ የትከሻ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም እያቃሰትሽ ስፌትሽ ላይ ተደፍተሽ ትውያለሽ? ባለቤትሽ ጋሼ አናጢው እንዴት ነው? ሥራ አለው? ተማሪዋ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? ድንቡሼስ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ድዱን እያሳየ ይስቃል? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መስኮቱ የቱ ጋ እንደሆነ ትለያለች? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በጣም ደኅና ነን። ከናፍቆታችሁና ሆዴ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ነገር በስተቀር የጎደለብን የለም። ዛሬ ወረቀት የያዝኩት ያንን ነገር ላወጣልሽ ነው።

መቼም ሰላምታ ማሳጠር እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። የኔ ደብዳቤ ሲመጣ ወረቀቱ ያልቃል እንጂ ሰላምታው አያልቅም እያልሽ ለጎረቤት እንደምታሾፊብኝም ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም፤ አንቺም ተማሪዋን እንዳትቆጪያት። ደብዳቤው መንገድ ላይ ተከፍቶ ሊነበብ እንደሚችልም አውቃለሁ። ለሚያነቡት ሰዎች፣ ከወዲህም ሆኑ ከወዲያ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዳትደክሙ ብዬ ነው እንጂ እዚህ ውስጥ የመንግሥት ምስጢር የለም። ግማሹ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ግማሹን የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ሳይቀር ያወራዋል፤ የቀረው የራሴ ጉድ ነው።

እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጽሕፈት ሥራ ስኖር ምን እንደምሠራ ቁጭ ብዬ አስረድቼሽ አላውቅም። አንቺም ወንድሜ ለትልልቅ ሰዎች ይጽፋል ብለሽ ታልፊዋለሽ። ሥራዬ ይሄ ነው። መንግሥትና መንግሥት ሲጻጻፉ እንደኛው ናቸው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ መጨረሻም ሰላምታ ነው። ሚኒስቴሩ ለክቡር ኤምባሲው የከበረ ሰላምታውን ያቀርባል ተብሎ ይጀመራል። ሚኒስቴሩ በዚህ አጋጣሚ ለክቡር ኤምባሲው ያለውን ከፍ ያለ አክብሮት በድጋሚ ያረጋግጣል ተብሎ ይዘጋል። መሐሉ ላይ ምንም ይምጣ ምን ግድ የለም። ዓሣ አጥማጆቻችንን አሰራችሁ ለማለትም፣ ሹፌራችሁ የሰው አጥር ጥሶ ገባ ለማለትም ያው ሰላምታ ነው። እጄ ይህን ከመልመዱ የተነሳ ባለቤቴ ልጆቹን ልትቆጣ ስትነሳ፣ አባታችሁ ቢሆን መጀመሪያ አክብሮቱን ያረጋግጥላችሁ ነበር ትላቸዋለች።

እሑድ የናንተ መንግሥት ተራራ ሥር ያንን የኑክሌር ቦምብ ለሙከራ ሲያፈነዳ የሳህን መደርደሪያሽ እንደተንቀጫቀጨ ነግረሽኛል። እኛ ዘንድ ምንም አልተሰማም። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስደርስ ግን ስልኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ሰዉ ወረቀት ይዞ ኮሪደሩ ውስጥ ላይ ታች ይላል። ከየአገሩ መግለጫ ይጎርፋል። አንዱ አገር ጉዳዩ አሳስቦኛል ይላል፣ ሌላው እጅግ አሳስቦኛል፣ ሌላው አወግዛለሁ፣ ሌላው ደግሞ በጽኑ አወግዛለሁ። የክፍላችን ኃላፊ እነዚህን ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ ከለዘብተኛው ወደ ቁጡው በመደዳ ደርድረው፣ የኛ ቁጣ ከየትኛው በላይ ከየትኛው በታች እንደሚሆን በጣታቸው ይለካሉ። እኒህ ሴት አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ ሌላ ቃል ስለማይከተል አራት ነጥብ ነው የምንላቸው። ውኃ ቀጠነ ብለው ይቆጣሉ፤ የሰው ሐዘን ላይ ግን ከሁላችን ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው።

ከናንተ አገር የሚያዋስነን አንድ ወንዝ ብቻ ስለሆነ የኛ መልስ ከሩቆቹ መጥበቅ አለበት ተባለ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ተሰብስበው አራት ነገር ወሰኑ። የናንተ አምባሳደር ተጠርተው ተቃውሞ ይሰጣቸዋል። የኛ አምባሳደር ከናንተ ከተማ ወደ አገር ይጠራሉ። በሁለቱ አገሮች መሐል ያለው ቀጥታ የስልክ መስመር ይቋረጣል። ድልድዩም ይዘጋል። የድልድዩን ትእዛዝ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ጻፍኩት። ከረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ጀምሮ ይላል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለማንም እንዳይነገር የሚል መስመርም አለበት። ሥራ ስጀምር የማየውን አላወራም ብዬ እጄን አንሥቼ ምያለሁ። ከዚያ ወዲህ ለባለቤቴ እንኳ አውርቼ አላውቅም።

እናም በምሳ ሰዓት ቤት ደወልሽ።

ያልሽኝን አንቺም አትረሺውም፤ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት እንድታውቂ ልድገመው። ጎረቤቶችሽ ድልድዩ ይዘጋል እያሉ እንደሚያወሩ ነገርሽኝ። የእማዬ የመሻገሪያ ወረቀት በእጅሽ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ረቡዕ ስለነበር ሰኞ ልታሳፍሪያት ነው ያሰብሽው። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፣ ዛሬውኑ ላሳፍራት ወይስ ሰኞን ልጠብቅ አልሽኝ። ቀጥለሽም፣ “አንተ እዚያው ውስጥ ነህ፤ አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው” አልሽ።

አላውቅም ብል ኖሮ ይበቃ ነበር። ታውቂኛለሽና አላውቅም ስል ድምፄ ውስጥ ያለውን ሰምተሽ ሻንጣዋን ታነሺ ነበር። እንደመሰለሽ አድርጊ ብልም ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “ምንም የሰማሁት ነገር የለም፣ እንዳሰብሽው ሰኞ ትምጣ” አልኩሽ። ዝም ማለት አንሶኝ አረጋጋሁሽ። አንቺም እፎይ ብለሽ ስለ ድንቡሼ አወራሽልኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። መሐላዬን ጠብቄ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። የድልድዩ ትእዛዝ ሳይነገር የጽሕፈት ሠራተኛው እናት ሻንጣዋን ይዛ ከች ብትል፣ ማን ነገራት ይባላል። የመንግሥት ቤታችንን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሁሉንም በአንዴ አሰብኩት። የእማዬን ዓይን ያሰብኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ያ አውቶቡስ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ድልድዩ የተዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለእማዬ ሁለት ሰዓት ይተርፋት ነበር እትዬ።

ሐኪሙ ያለውን አልደብቅሽም። ባለፈው የላክሽልኝን የምርመራ ወረቀት ይዤ ስሄድ፣ በዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት የጠፋውን ዓይን ጨርሶታል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በቶሎ ከመጣች በቀዶ ሕክምና ማትረፍ ይቻላል ነው ያለኝ። ቶሎ ማለት ስንት ነው ስለው፣ ወር ካለፈ ቃል አልገባም አለ። እናንተ ከተማ ይህን የሚሠራ ሐኪም እንደሌለ አንቺው ነሽ ዞረሽ ያጣራሽው። ማክሰኞ በስልክ ስዋሽሽ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ከምሳ ስመለስ አራት ነጥብ የተቃውሞውን ረቂቅ ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። ወረቀቱ ለአምባሳደሩ በእጃቸው ስለሚሰጥ በአሥር ሰዓት መድረስ አለበት። ሰላምታ የለውም አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። እንደዚህ ያለ ወረቀት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጽፌ አላውቅማ። ቁጣችን እንዲታወቅ ሰላምታው ይቀራል፣ ሚኒስቴሩ በጽኑ ያወግዛል ብለህ ጀምር አሉና ሄዱ። እንዳሉኝ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ነው። ተራራው አለበት፣ ወንዙ አለበት፣ ሁለታችንም የፈረምናቸው ስምምነቶች በቁጥር በቁጥር አሉበት። እየጻፍኩ ልቤ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ከሚነሳው አውቶቡስ ጋር ነበር። ሰዓቴን አየሁ፣ ስምንት ከሃያ ሆኗል። ሄዷል። የመጨረሻውን አንቀጽ ጨርሼ አተምኩና ሰጠሁ።

አራት ነጥብ አነበቡት። ከሳቸው በላይ ያለው ሹም አነበበው። የሕግ አማካሪው የስምምነቶቹን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከረ። ሁሉም ሰላምታው መቅረቱን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን መስመር እያዩ አለፉ። የመጨረሻውን መስመር ማንም አላየውም። ለነገሩ እዚያ መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ማን ማንበብ ያስፈልገዋል፤ ዓይናቸውም እንደኔ እጅ ለምዶታል።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሌላ ትእዛዝ መጣ። አምባሳደሩ እንዳይቀመጡ የእንግዳ መቀበያው ወንበሮች ሁሉ ይውጡ ተባለ። አሥራ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም ሶፋ ተሸክመው አምጥተው እኔ በር ላይ ከመሩት፤ እኔም ውስጥ ታሽጌ ቀረሁ። ሻይም ውኃም እንዳይቀርብ ተነገረ። የሻይ ክፍሏ ሴትዮ ትሪዋን ይዛ መጥታ ስትመለስ ያጉረመረመችው እስከኔ ይሰማል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት የገባ ሰው ጉሮሮው ደርቆ ሲወጣ አላየሁም ትላለች። አምባሳደሩ ሲገቡ በወንበሮቹ እግር መሐል አየኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ ስላልነበረ የኛ ሚኒስትርም አብረው ለሃያ ደቂቃ ቆሙ። ሁለቱም ሲወጡ ወገባቸውን ይዘዋል።

ጉዱ የፈላው ረቡዕ ጠዋት ነው። ከናንተ ኤምባሲ አንድ ሰው ደውሎ በጣም በትሕትና ጠየቀ። የተቃውሞ ማስታወሻውን የመጨረሻ አንቀጽ ለዋና ከተማቸው እንዳለ ያስተላልፉት ወይስ ሚኒስቴሩ ማብራሪያ ይሰጥበታል ነው ጥያቄው። ስልኩን ያነሳው ሹም ወረቀቱን ያላየ ስለሆነ ኮራ ብሎ፣ ማስታወሻው እንደተጻፈው ነው፣ አንድም ቃል አይቀየርም አለ። ከዚያ ግልባጩን አውጥተው ሲያዩት፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ካወገዝን በኋላ ግርጌው ላይ፣ ሚኒስቴሩ በዚህ አጋጣሚ ለክቡር ኤምባሲው ያለውን ከፍ ያለ አክብሮት በድጋሚ ያረጋግጣል ይላል።

ስብሰባ ተጠራ። ግልባጩን ይዘህ ና ስለተባልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ሰማኋቸው። አንዱ፣ የናንተ ሰዎች ነገሩን ምልክት ነው ብለው ይይዙታል፣ በቁጣ ጀምረው እጃቸውን ዘርግተው ጨረሱ ይሉናል አለ። ሌላው፣ ማረሚያ ይጻፍ አለ። የሕግ አማካሪው ማረሚያው ራሱ ሰላምታ ይኑረው አይኑረው ብሎ ጠየቀ። ሚኒስትሩ፣ ምን ብለን ነው የምንጽፈው፣ አክብሮታችን በስሕተት ስለደረሳችሁ መልሱልን ልንል ነው አሉ። ያኔ ሰላምታው ባለበት እንዲቀር ተወሰነ። ድልድዩም በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ተዘጋ፤ ሰላምታው ይህን አላስቀረውም።

ከስብሰባው በኋላ አራት ነጥብ ቢሯቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ “አውቀህ ነው?” አሉኝ።

“አላውቅም” አልኳቸው።

ይህን ቃል ለሳቸው ማለት ቻልኩ፤ ለአንቺ ግን ከአንድ ቀን በፊት ማለት አቅቶኝ ነበር። ዛሬም ብትጠይቂኝ መልሴ ያው ነው። እጄ በልማዱ ጽፎት ይሁን፣ ወይስ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር እጄን ይዞት ይሁን አላውቅም። ከዚያ ስለ እማዬ ነገርኳቸው። አውቶቡሱንም፣ ስልኩንም፣ የዋሸሁሽንም ነገርኳቸው። ማንንም እንዳልነገርኩ ስምል፣ አምናለሁ አሉ። ቀጥለውም፣ “መሐላህን ጠብቀሃል፤ ለእህትህ መዋሸትን ግን ያዘዘህ የለም” አሉኝ። እንደ ልማዳቸው ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሐሙስ ጠዋት ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬ ዕቃዬን ይዤ ወረድኩ። ቅጣት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ አቧራ አለው፣ ግን ማንም ምንም አይነግረኝም፣ እኔም የምደብቀው የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የናንተ መንግሥት መልስ መጣ። ከላይም ከታችም ሰላምታ አለበት፤ የኛን አንድ ሰላምታ በሁለት መለሱት ማለት ነው። መሐሉ ላይ ያው የሚጠበቀው ነው። ሙከራው መብታችን ነው፣ ለማንም አላሰብንም፣ የናንተንም ተቃውሞ አንቀበልም ይላል። ከመዝጊያው ሰላምታ በላይ ግን አንድ አጭር አንቀጽ አለች። ከሁለቱም ወገን ለበሽተኞችና ለሽማግሌዎች ድልድዩ ሁለት ቀን ይከፈት የምትል ናት። ዓርብ የኛዎቹ ተስማሙና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን እያየ ይሳሳቃል። የሻይ ክፍሏ ሴትዮ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አመጣችልኝ። እኔ ግን በዚህ አልኮራም። የናንተም በሽተኞች እዚህ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል፤ ያቺ ሰላምታ ባትኖርም ይህን ይጠይቁ ይሆናል። ድልድዩን ያስከፈተው ወንድሜ ነው ብለሽ ለጎረቤት እንዳታወሪ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢ። ድልድዩ የሚከፈተው የሚመጣው ሐሙስ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ያለው ሐሙስና ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የድሮው መሻገሪያ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ የሐኪም ወረቀትም ይጠየቃል። ዓርብ እንደማንም ሰው ተሰልፌ አወጣሁት፣ ማኅተሙም አለበት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ሐኪሙ ደግሞ ለቅዳሜው አዲስ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ስለዚህ ሐሙስ እንድትደርስ አድርጊ፤ ዓርብን መጠባበቂያ እናድርገው። ነገ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ማክሰኞ የፖስታው ከረጢት በድልድዩ ይሻገራል፤ ከረጢቱን የዘጋው የለም።

ትናንት ቅዳሜ ድልድዩን ለማየት ሄጄ ነበር። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። የሚሻገር ሰው ብቻውን ነው የሚሻገረው። አጃቢ ከወዲህም ከወዲያም ከብረት በሩ አያልፍም። ሁለቱ መንግሥታት ሳይከራከሩ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ወታደሮቹም እግራቸውን ድልድዩ ላይ አያሳርፉም። ርዝመቱ ስንት ነው ብዬ ዘበኛውን ጠየቅኩት፤ ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ ነው አለኝ፣ በኔ እርምጃ አለ፣ ረጅም ሰው ነው። ለእማዬ አምስት መቶ ይሆናል። አንቺ በዚያ በኩል ትቀሪያለሽ፣ እኔ በዚህ በኩል እቆማለሁ፣ እሷ መሐሉን ብቻዋን ትሄዳለች።

በግራዋ በኩል የብረት መደገፊያ አለ። ከበሩ ጀምሮ እሱን ይዛ ትምጣ፤ ዝገት ስላለው ጓንት አድርጊላት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን መደገፊያው ይቋረጣል። ድሮ መኪና ገጭቶት አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ባዶ ነው፤ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። በዚያ ቦታ እጇ የምትይዘው ነገር አይኖርም። ዓይኗም መንገዱን አያሳያትም። ስለዚህ ዘበኛውን ከዚህ ሆኖ መጣራት ይፈቀዳል ወይ አልኩት። መግባት እንጂ መጣራት አልተከለከለም አለኝ። እዚያው ቆሜ ሞከርኩት። ነፋስ ከሌለ ድምፄ እስከ መሐሉ ይደርሳል። መደገፊያው ሲያልቅባት ቆማ ታዳምጥ፣ ከዚያ ወደ ድምፄ ቀጥ ብላ ትምጣ።

ሌሊቱን እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ነው እትዬ። ያ የምትከተለው ድምፅ ማክሰኞ በስልክ የዋሸሽ ድምፅ ነው። ለባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና፣ ይህን ለኔ ስትነግረኝ ምን ያደርግልሃል፣ ለነሱ ጻፍ አለች። ወረቀቱንም ያቀረበችልኝ እሷ ናት።

አንቺን ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸኩልሽም። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። መልስሽን ያለ ሰላምታ ብትጽፊውም አይገርመኝም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ደብዳቤዬን ለእማዬ ስታነቢላት ከባዱን እየዘለልሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ፤ የኔን መታመም፣ የባለቤቴን ፅንስ መውረድ፣ ሁሉን እንደዘለልሽው። ይሄኛውን ከላይ እስከ ታች አንብቢላት። አንድ መስመር እንዳታስቀሪ። አምስት መቶ እርምጃ ሙሉ ድምፄን አምና ልትመጣ ነው፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳታውቅ እንድትነሳ አልፈልግም። ሰምታ ቆጣ ካለች አታባብያት፤ ጓንቱን ብቻ አድርጊላት።

ለጋሼ አናጢው ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረሰው። የሠራልን መደርደሪያ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም በይው። ለተማሪዋ፣ ፈተናው ምንም ውጤት ያምጣ ምን አጎትሽ ይኮራብሻል በያት፤ ወሬ ማቀበሏንም አታቁም። ድንቡሼን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ። የአማትሽን የእግር እብጠት ከልቤ እንደጠየቅኩ ንገሪያቸው። ከታች ያለችው ጎረቤትሽ፣ ድልድዩ ይዘጋል ብላ ያስጠነቀቀችሽ፣ እውነቷን እንደነበር ንገሪያትና ሰላም በይልኝ። ባለቤቴና ልጆቹ ሁላችሁንም እጅ ነስተዋል።

ለእማዬ በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልልክም። ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ብረት በሩ ላይ ቆሜ እማዬ እያልኩ እጣራለሁ። መለሰችልኝም አልመለሰችልኝም፣ እጇ እጄን እስኪነካ ድረስ አላቋርጥም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከወንዙ ወዲህ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን